ሆስፒታል ስትገቡ ማን ያስተረጉምላችኋል?

 

በአገር ቤት ሳለን ብዙዎቻችን ሆስፒታልን የምናውቀው ከሩቅ ነበር። ከገጠር ተነስቶ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ጎንደር ከተማ ለመድረስ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። የሚኬደውም የባህል መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ በኋላ ስለሆነ፣ «እገሌ ሆስፒታል ገባ» ሲባል ዘመድ ሁሉ ይደነግጣል። እዚህ ግን «ቤት ሆሊም» የሚገባው ሊሞት የደረሰ ሰው ብቻ አይደለም። ልጅ የሚወለድበት፣ ስብራት የሚጠገንበት፣ ሕመም ሳይብስ የሚመረመርበት ቦታ ነው።

በዚህ አገር ማንም ሰው ሕንፃ ሠርቶ «ሆስፒታል ከፍቻለሁ» ሊል አይችልም። በ1940 በእንግሊዞች ዘመን በወጣው የሕዝብ ጤና ድንጋጌ መሠረት ማንኛውም ሆስፒታል በጤና ሚኒስቴር መመዝገብ አለበት። በምዝገባው ወረቀት ላይ ምን ምን ክፍሎችና ስንት አልጋ እንደተፈቀዱለት ይጻፋል። ይህን ፈቃድ አግኝቶ ሥራ መጀመር ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን አሽዶድን እንመልከት። በከተማዋ ሆስፒታል እንዲቋቋም ክኔሴት ሕግ ያወጣው በ2002 ሲሆን፣ አሱታ አሽዶድ የተከፈተው በ2017 ነው። እስከዚያ ድረስ የአሽዶድ እናት ምጥ ሲይዛት ወደ ረሆቮት ወይም ወደ አሽቀሎን መሄድ ነበረባት።

ሆስፒታል ለመኖሪያ ቤት መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ የሚናገረው ካልገባን ቅርብ መሆኑ ብቻውን አይረዳንም። ስምና ቦታ ሳንጠቅስ በሥራችን የገጠመንን አንድ ጉዳይ እንንገራችሁ።

አንድ አባት ሆዳቸውን ክፉኛ አሟቸው ሆስፒታል ገቡ። ከቤተሰቡ ዕብራይስጥ የሚያውቀው አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጃቸው ብቻ ነበር። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ይዞ መጣና ለልጁ ነገረው፤ ነቀርሳ ነው፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን መደረግ አለባቸው አለ። ልጁ የአባቱን ፊት አየና «አባባ፣ ትንሽ ቁስል ነው ይላሉ። ኦፕራሲዮን ቢሆን ይሻላል አሉ» ብሎ አስተረጎመ። አባትየውም «ለትንሽ ቁስል ብዬ ሆዴን አላስቀድም፤ ኪኒን ይስጡኝ» አሉ። አልፈርምም ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ልጁ ምስጢሩን ይዞ ሰነበተ። እንቅልፍ አጣ፤ ከትምህርት ቤትም መቅረት ጀመረ። ጉዳዩ ወደ እኛ የመጣው በአባትየው ሕመም ምክንያት አልነበረም። ትምህርት ቤቱ «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ስለጠየቀን ነው። ያን ጊዜ ሰባት ሳምንት አልፎ ነበር።

ልጁን አንወቅሰውም። በባህላችን ክፉ ወሬ ለታመመ ሰው በድንገት አይነገርም። መርዶ እንኳ ሰዓት ተመርጦ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ልጁ ያደረገው ከቤቱ ያየውን ነው። ሐኪሙም በበኩሉ «ነግሬአለሁ» ብሎ ያምናል። እኛም ብንሆን ቤተሰቡን ከዚያ በፊት ስንጎበኝ «ሆስፒታል ስትሄዱ ማን ያስተረጉምላችኋል?» ብለን መጠየቅ ሲገባን አልጠየቅንም።

በመጨረሻ አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ተጠራ። የአባትየው ታላቅ ወንድምም አብረዋቸው ተቀመጡ፤ ሐኪሙም ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳ። አባትየው እስኪጨርስ ድረስ ዝም ብለው ሰሙትና «እንዲህ ከሆነማ ስጡኝ ልፈርም» አሉ። ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞረው «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቀን ብቻህን ይዘኸው ነበር?» አሉት። ኦፕራሲዮኑ ተደረገ፤ ዛሬ በክትትል ላይ ናቸው። ሰባቱ ሳምንት ግን በከንቱ አለፈ።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከእናንተ ጋር ነው። በ1996 የወጣው የበሽተኞች መብት ሕግ፣ ሐኪም ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው ለበሽተኛው ሊገባው በሚችል መንገድ እንዲያስረዳ ያዛል። ከድንገተኛ አደጋና ሕጉ ከሚለያቸው ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ በሽተኛው ተረድቶ ካልፈቀደ አይታከምም። ሰው ይዞ የመግባት፣ የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅና የሕክምና መዝገቡን ቅጂ የመውሰድ መብትም አለው። ጤና ሚኒስቴር ደግሞ ሆስፒታሎችና ቁፓት ሆሊሞች አገልግሎታቸውን ለበሽተኛው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ በ2011 መመሪያ አውጥቷል፤ መመሪያው ከ2013 ጀምሮ ይሠራል። ስለዚህ አስተርጓሚ ስትጠይቁ ልመና አይደለም። ሆስፒታሉ ያለበትን ግዴታ እንዲፈጽም መጠየቃችሁ ነው።

ለዚህም የሚከተሉትን እንድታስታውሱ እንመክራለን።

1. ቀጠሮ ስትይዙ፣ ደግሞም ሆስፒታል እንደደረሳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ወንድ «አኒ ጻሪኽ መቱርገማን ለአምሃሪት» ይበል፤ ሴት «አኒ ጽሪኻ መቱርገማን ለአምሃሪት» ትበል። አስተርጓሚ በቦታው ከሌለ በስልክ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

2. ልጆቻችሁን ለከባድ ጉዳይ አታስተርጉሙ። ልጅ መንገድ ያሳያችሁ፣ ወረፋ ይያዝላችሁ። የአባትን ወይም የእናትን ሕመም ግን ከሐኪም አፍ ቀድሞ መስማት የለበትም።

3. ክፉ ወሬ ብቻችሁን መስማት ካልፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። «ወንድሜ ሲመጣ አብረን እንስማ» ማለት ይቻላል።

4. ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ ሳይገባችሁም እንቢ አትበሉ። «ምንድን ነው? ለምን ያስፈልጋል? ባይደረግስ ምን ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅሬታ ካላችሁ በእያንዳንዱ ሆስፒታል የበሽተኞች መብት ተጠሪ አለ።

5. ሕመማችሁን በእጃችሁ እያሳያችሁ ተናገሩ። አንዲት እናት ከሐዘን የተነሳ «ልቤን አመመኝ» ቢሉ፣ ቃል በቃል ከተተረጎመ ሐኪሙ ወደ ልብ ምርመራ ሊልካቸው ይችላል። የት እንደሚያማችሁ፣ መቼ እንደጀመራችሁ፣ ሐዘን ወይም ጭንቀት ካለባችሁም እሱንም ግለጹ።

6. ቴዑዳት ዘሁት፣ የምትወስዱትን መድኃኒትና የቁፓት ሆሊም ካርድ ያዙ። በቤት የምትጠሩበት ስም በቴዑዳት ዘሁት ላይ ከተጻፈው የተለየ ከሆነ የምትሰጡት በወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። መዝገብ ከሌላ ሰው ጋር የሚደባለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

7. ለቀጠሮ ሕክምና ከቁፓት ሆሊም «ቶፌስ 17» የሚባለውን የክፍያ ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል። ያለ ሐኪም ሃፍናያ ወደ ሚዩን ሄዳችሁ ሳትተኙ ብትመለሱ ክፍያ ሊመጣባችሁ ይችላል። ምጥ፣ አዲስ ስብራትና መሰፋት ያለበት ቁስል ግን ከዚህ ነጻ ናቸው። ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ወረቀት ፍለጋ አትሂዱ፤ ወዲያው ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ተነጋገሩ፤ ማን ያስተረጉማል? መልሱ «ልጁ» ከሆነ ቀጠሮው ሳይደርስ በየአካባቢያችሁ ወዳለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ኑና አብረን መፍትሔ እንፈልግ።

ለታመሙት ምሕረቱን ያውርድልን። እስከሚቀጥለው እትም በደኅና ያቆየን።