የቴዎድሮስን ውርስ ከገበሬው ጎተራ እንለካው

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላው ትቶ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከከተማዋ አጠገብ ያለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ያሠሩባት ናት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት መቅደላ ደረሰ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሲነሡ አብሮ የሚነሣው ይህ መድፍና ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉበት ሞት ነው። የጋዜጣችን አቋም ግን ውርሳቸው ከሁሉ አስቀድሞ ከባላገሩ ጎተራ ይለካ የሚል ነው።

ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ዘመነ መሳፍንት ገበሬውን አራቁቶት ነበር። መሳፍንቱ በተዋጉ ቁጥር ደመወዝ የሌለው ወታደር የሚያድረው ከገበሬው ቤት፣ የሚበላውም ከገበሬው ማጀት ነበር። አዲሱ ንጉሥ ዘረፋን ከለከሉ፤ ለወታደሩ ደመወዝ ሊቆርጡለት ሞከሩ፤ ለአገልጋዮች ከሚበቃው የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ለገባሪ ሊሰጡ ተነሡ። ለእኛ የዘመናዊት ኢትዮጵያ የመሠረት ድንጋይ ይህ ሐሳብ ነው።

ሐሳቡ ግን በራሳቸው እጅ ተሰበረ። ካህናቱ መሬቱን አንሰጥም አሉ፤ አገሩ በየአቅጣጫው ሸፈተ። ንጉሡ የሚያዙት ምድር ሲጠብ የሠራዊቱ ቀለብ በበጌምድር ባላገር ጫንቃ ላይ ወደቀ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ፤ ደብረ ታቦርንም ጥለው ሲወጡ አነደዷት። ዘረፋን የከለከለ ንጉሥ በስተመጨረሻ ዘራፊ ሠራዊት መራ።

ይህን መናገር ጀግናውን ማሳነስ አይደለም። ልጆቻችን ደረስጌንና መቅደላን በተማሩበት ክፍል የጎንደርንም ቃጠሎ ይማሩ። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጋፋትን ሲያለማ ከንጉሡና እንደ ቴዎፊሎስ ዋልድማየር ካሉት አውሮፓውያን ባለሙያዎች ጎን ለጎን፣ ብረት የቀጠቀጡትን፣ መንገድ የጠረጉትንና መድፉን የጎተቱትን ኢትዮጵያውያን ድካም የሚዘክር ምልክት ያቁም።

ከሁሉ በላይ የምንጠይቀው በዛሬው ዘመን መሣሪያ የያዘውን ሁሉ ነው። የፎገራ ገበሬ ከርብና ከጉማራ ሙላት ጋር የሚያደርገው ትግል ይበቃዋል። የትኛውም ታጣቂ በየትኛውም ዓላማ ስም ሩዙን አይጫንበት፤ ላሙን አይንዳበት፤ በሬውን አይረድበት። በቴዎድሮስ ስም የሚምል ሰው መሐላው የሚታወቀው በገበሬው ደጃፍ ሲያልፍ ነው። ገበሬው አጭዶና ወቅቶ ወደ ጎተራው ያስገባውን እህል ከልጆቹ ጋር በሰላም ሲበላ፣ ቴዎድሮስ ጀምረው ያልጨረሱት ሥራ ያን ጊዜ ይፈጸማል።