ሰሊጣችን ጃፓን ደርሷል፤ እኛስ በየትኛው መንገድ?



አብርሃ ጅራ ላይ ከዒሻ ሰላት በኋላ ሻይ ቤት ጎራ ያለ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። አንድ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፣ አምስት ስድስት ወጣት ከቦታል፣ ስክሪኑ ላይ የጃፓን አኒሜ እየሄደ ነው። ትልልቆቻችን ሲያልፉ "እነዚህ ልጆች ዛሬም ካርቱን ላይ ናቸው?" ይሉናል። አዎ፣ እኛም ከነዚያ ልጆች ነን። ብዙዎቻችን የጀመርነው ደግሞ በአረብኛ ነው። ለሱዳን ቀርቦ ያደገ ልጅ ዲሹን ወደ አረብ ቻናል አዙሮ "ካፕቴን ማጂድ"ን ሲያይ ነው ያደገው። ማጂድ ጃፓናዊ መሆኑን፣ የመጀመሪያ ስሙም ጹባሳ መሆኑን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው።

ዛሬ ስለ አኒሜ ሐላልና ሐራምነት ልንጽፍ አይደለም። ከእምነታችን ጋር የሚጋጭ ነገር ያለበት እንዳለ እናውቃለን፤ መምረጥና ዑለሞችን መጠየቅ የየራሳችን አማና ነው። መጻፍ የፈለግነው ከዚያ ስልክ ላይ ስለሚወለደው ምኞት ነው፦ "አንድ ቀን ጃፓንን ባየሁ!"

ይህ ምኞት ሊሾፍበት አይገባም ባይ ነን። አዲስም አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ያዩትን "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" ብለው መጽሐፍ አድርገውታል። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፏል። የኛም አካባቢ ምርት ከሆነው ሰሊጥ የኢትዮጵያው ጃፓን ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ጃፓኖች "ጎማ" ይሉታል፤ ቆልተው ሩዝ ላይ ይነሰንሱታል፣ ዘይት ያደርጉታል፤ የሚፈልጉትን ሰሊጥ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚገዙት ከውጭ ነው።

የሄደ ሰው ምን ያያል? ከካፕቴን ማጂድ እንጀምር። የሳለው ዮይቺ ታካሃሺ የቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ ልጅ ነው፤ ሰፈሩ ዮትሱጊ ይባላል። ፎቅ በፎቅ የሆነ ሰፈር አይደለም፤ ትናንሽ ቤቶችና ሱቆች ያሉበት ተራ ሰፈር ነው። ዛሬ ግን የማጂድና የጓደኞቹ ሐውልት በየመንገዱ ቆሟል፣ የባቡር ጣቢያውም በነሱ ሥዕል ተሸፍኗል፤ ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ ፎቶ ይነሳበታል። የሚገርመው ደግሞ ጃፓን ያሉ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩት በዚሁ በካትሱሺካ መሆኑ ነው።

ዮትሱጊን የጎብኚ አገር ያደረጋት ወርቅ ወይም ዘይት አልነበረም። የራሷ ልጅ ልብ ብሎ አይቷት ነው፤ ያደገባትን ሰፈር አልናቃትም።

ኪዮቶ ከተማ ደግሞ ድሮ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ የማንጋ ሙዚየም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የተከፈተው። ጎብኚው ከመደርደሪያው መጽሐፍ አውርዶ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል። ዲዛይን ለሚወድ ተራራ ውስጥ ያለችው የሺራካዋ መንደር አለች። ቤቶቿ ልክ እንደኛ የሣር ክዳን ናቸው፤ ጣሪያቸው ግን በረዶ እንዳይከማችበት በጣም ሾጣጣ ነው። ክዳኑ ሲታደስ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል፤ ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ። እነሱ "ዩይ" ይሉታል፣ እኛ ወንፈል እንለዋለን። የኛ ሰው የሣር ቤቱን እንደ ድህነት ምልክት እያየ ያፍርበታል፤ እነሱ ግን ጠብቀው የዓለም ቅርስ አስመዘገቡት።

ሰላት የት እንሰግዳለን ለሚል፦ የኮቤ መስጂድ እ.ኤ.አ. በ1935 የተሠራ ሲሆን ከ1945ቱ የቦምብ ድብደባም ከ1995ቱ ርዕደ መሬትም ተርፎ እስከዛሬ ይሰገድበታል። ከሩሲያ ተሰደው የመጡ ታታር ሙስሊሞች በ1938 ቶኪዮ ላይ ያሠሩት መስጂድ ፈርሶ በ2000 በኦቶማን ጥበብ እንደገና ተሠርቷል። ምግብ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የአሳማ ሥጋና የሩዝ አልኮል ባልታሰበ ምግብ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን። ሰሊጣችን ጃፓን የሚገባው ተበጥሮ፣ ተመዝኖ፣ ተመርምሮ፣ ወረቀቱን ይዞ ነው። የኛ ወንድምና እህት ግን በሌሊት፣ ስሙን በማያውቁት ደላላ እጅ፣ በመተማ በኩል ወጥቶ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ ይቀራል። ከሰሊጥ ያነሰ ክብር ለራሳችን መስጠታችን ያማል። ሱዳን ጦርነት ውስጥ ባለችበት በዚህ ጊዜ እንኳ "እኔ አሻግርሃለሁ" የሚል አልጠፋም። ወላሂ፣ ጃፓን በዚያ በኩል አይገባም።

የጃፓን ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ነው። የጃፓን መንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር ስኮላርሽፕም አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩል ይወጣል፤ የትምህርት ክፍያን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የወር መተዳደሪያን ይሸፍናል። ማመልከቻው ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ የሚጠይቀው ጥሩ ውጤትና ፈተና ማለፍ ነው። ቋንቋውም ከዛሬ ሊጀመር ይችላል። ሂራጋና የሚባለው ፊደል መሠረቱ 46 ነው፤ እንደኛ ፊደል አናባቢውን አብሮ ይይዛል። ሀ ሁ ሂን የቆጠረ ልጅ ይህን አይፈራም።

እውነቱን እንነጋገር፦ አብዛኞቻችን ቶሎ አንሄድም፤ የማይሄድም ይኖራል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ግን ታካሃሺ ያደረገውን ለማድረግ ቪዛ አያስፈልግም። የአብርሃ ጅራን የሰሊጥ ነዶ፣ ለአጨዳ ከየአገሩ የሚመጣውን ሳሉግ፣ የክረምቱን ጭቃ እስካሁን ማን ሳለው? ማን ታሪክ አደረገው? ሕይወት ያለውን መሳል የሚከብደው ሕንፃ ይንደፍ፣ የአረብኛና የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ያውጣ፣ የጨርቅና የእቃ ዲዛይን ይሞክር። ስልኩ ያው አኒሜ የምናይበት ስልክ ነው።

ከተማችን ሰው የሚወጣባት በር ብቻ ሆና እንዳትቀር። ሄደን የምንማር፣ ተምረን የምንመለስ፣ ሳንሄድም የምንሠራ ያድርገን። አላህ መንገዱን ያግራልን፣ በበረሃ የቀሩትንም ይዘንላቸው። አሚን።