የሻገተ እህል ለዶሮም አይገባም

የሻገተውን እህል «ለዶሮ ይሁን» ብሎ መበተን ቁጠባ ይመስላል፤ እኛ ግን ኪሳራ ነው እንላለን። በ1960 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር ተርኪ ከተባለው ወፍ ጫጩቶች ከ100,000 የሚበልጡት የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው አለቁ፤ ገዳዩም አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ይኸው መርዝ ከዶሮዋ መኖ ወደ እንቁላሉ ሊያልፍ ይችላል፤ ሽሉን ሲያገኘውም ጉበቱን ይጎዳል፤ ጡንቻ የሚገነባበት ፕሮቲን እንዳይሠራ ያሰናክላል፤ እድገቱንም ያጓትታል። መቀቀልም አያጠፋውም።

ስለዚህ እህል ወደ ጎተራ ከመግባቱ አስቀድሞ በፀሐይ በሚገባ ይድረቅ፤ የሻገተውም ይቀበር። ክቡራን መምህራን ይህንን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን፤ ዛሬ ለዶሮ የሚጣለው መርዝ ነገ በእንቁላል አድርጎ ወደ ሕፃናት ገበታ ሊመለስ ይችላልና።