የቤቱ ደብዳቤ በአንድ ልጅ ኮምፒውተር ውስጥ አይቀር

የቤታችን እናት አራት ዓመት ያህል በጽዳት የሠራችበት ቦታ ካብላኑ ሲቀየር፣ የፔንሲያ ገንዘቧ በየወሩ ገብቶላት እንደሆነ ለማጣራት ተነሣን። ለዚህ የሚያስፈልገው የየወሩ ትሉሽ ነው። ትሉሹ ደግሞ የሚላከው በወረቀት ሳይሆን በኢሜል ነበር። ኢሜሉን የከፈተላት ያኔ የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ልጃችን ነው፤ የሚመጣው ሁሉ የሚገባውም በእሱ ክፍል ወዳለው ኮምፒውተር ነበር።

ልጁ አደገና ወደ ጦር ሠራዊት ሄደ። ኮምፒውተሩም አንድ ቀን አልከፈት አለ። ጠጋኙ አይቶ «ዲስኩ ተበላሽቷል፣ የሚወጣ ነገር የለም» አለን። ኢሜሉ እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ አለ ብለን በሌላ ኮምፒውተር ስንገባ፣ ያገኘነው ከብልሽቱ በኋላ የመጡትን ሁለት ደብዳቤዎች ብቻ ነበር። የአራት ዓመቱ ትሉሽ የለም። ቅጂ ለማግኘት ስንደውልና ስንመላለስ ወራት አለፉ፤ እጃችን የገባው ግን ግማሹም አይሞላም።

ይህን የምንጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። እሱ የተጠየቀውን ሠርቷል። ጥፋቱ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ የጣልነው የእኛ የወላጆች ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ የወላጅ ደብዳቤ በወላጅ ስም በተከፈተ ሣጥን ይቀመጥ፤ የሚመለከታቸው የቤተሰቡ አባላትም ከየኮምፒውተራቸው ሆነው አንዱን ሣጥን ይዩ።

ደብዳቤው የት ሄደ?

ኮምፒውተር ኢሜል የሚያመጣባቸው ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ፖፕ ይባላል። ፖስታ ቤት ሄዶ ሣጥኑን ባዶ አድርጎ፣ ደብዳቤውን በከረጢት ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሰው ማለት ነው። ቅጂው እዚያው እንዲቀር ካልታዘዘ በቀር፣ ደብዳቤው ከዚያ ወዲያ የሚገኘው በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። እኛን የጎዳን ይህ ነው።

ሁለተኛው አይማፕ ይባላል። አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1986 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። በዚህ መንገድ ደብዳቤው በኢሜል ድርጅቱ ዘንድ ይቆያል፤ የእኛ ኮምፒውተሮችና ስልኮች እዚያ ያለውን ያሳዩናል። ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፎልደር ብንከፍት፣ በልጅቷ ኮምፒውተርም በአባትየው ስልክም ላይ ያው ፎልደር ይታያል። አንዱ ኮምፒውተር ቢሰበር ደብዳቤው አይጠፋም።

አንዳንድ ሰዎች ሌላ ዘዴ ይሞክራሉ። የአውትሉክ ፕሮግራም ደብዳቤዎቹን የሚያከማችበትን ፋይል በቤቱ የዋይፋይ መረብ ላይ ያስቀምጡና፣ ከሁለት ኮምፒውተር ሊከፍቱት ይሞክራሉ። ይህን አታድርጉ። ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል አምራቹ ማይክሮሶፍት ራሱ እንዲህ ያለውን አጠቃቀም አይደግፍም። በቤት መረብ ላይ ባለ የጋራ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ የሚገባው ከኢሜሉ አውጥተን ለብቻው ያስቀመጥነውን የትሉሽ ወይም የደረሰኝ ቅጂ ነው።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ነው

«ይህ የወጣቶች ጨዋታ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ አባቶችና እናቶች ይኖራሉ። ይመለከተናል። አሠሪ ትሉሹን ከሚቀጥለው ወር 9ኛ ቀን ሳያሳልፍ መስጠት አለበት። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በእስራኤል ለሠራተኞች ፔንሲያ ማስገባት ግዴታ ሆኗል። ተቀንሶ ያልገባ ገንዘብ ቢኖር በሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት ለመጠየቅ በአብዛኛው 7 ዓመት ጊዜ አለ። ግን ትሉሹ ከሌለ በምን እናስረዳለን?

በግዢም እንዲሁ ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ወይም ከመጣ 5 ዓመት ላልሞላው ኦሌ፣ ግዢው የተፈጸመው ከሻጩ ጋር በመነጋገር ከሆነ፣ ሕጉ 4 ወር ይሰጣል። ሆኖም የግዢው ማረጋገጫ የሚመጣው በኢሜል ነው። ልጁ ኢሜሉን በወር አንድ ጊዜ፣ ከጦር ሰፈር ሲመለስ ብቻ የሚከፍት ከሆነ፣ 14ቱ ቀን ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ኢሜሉ በወላጁ ስም ይሁን። የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክም የወላጁ ይሁን። ልጁ ስልክ ቁጥሩን በቀየረ ቀን እናት ከገዛ ደብዳቤዋ ውጭ መቅረት የለባትም።

ሁለተኛ፣ የሚያውቅ ልጅ ወይም ጎረቤት ኮምፒውተሩን ከፍቶ «ፖፕ ነው ወይስ አይማፕ?» የሚለውን ይይልን። ፖፕ ከሆነ ወደ አይማፕ ከመለወጡ በፊት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ በዲስክ ኦን ኪ ይቅዳ።

ሦስተኛ፣ ፎልደሮቹን በአማርኛ እንሰይማቸው። «ትሉሽ»፣ «ቢቱዋህ ሌኡሚ»፣ «ግዢ»፣ «ባንክ» ተብሎ በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚከብደን ሰዎች ደብዳቤውን ባናነበውም የት እንዳለ እናውቃለን፤ «ይህን አንብብልኝ» ብለን በጣታችን ማሳየት እንችላለን። በእኛ ቤት ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ትንሽ ነገር ነው።

አራተኛ፣ የጋራ የሆነ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአይማፕ አንዱ የሰረዘውን ሁሉም ያጣዋል። በጂሜል የተሰረዘ ደብዳቤ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ደግሞም ጉግል ለ2 ዓመት ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ትሉሹን በየጊዜው በዲስክ ኦን ኪ መቅዳት ወይም አትሞ በመሳቢያ ማስቀመጥ መልካም ነው። ወረቀት የሚወዱ ሽማግሌዎቻችን በዚህ አልተሳሳቱም።

ሁሉ ነገር የሁሉ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ልጆቻችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አስተርጓሚዎቻችን ሆነው አድገዋል። የባንክ ዕዳ ማስጠንቀቂያንም የሐኪም ውጤትንም ከወላጆቻቸው በፊት ያነበቡ ብዙ ናቸው። ይህ ለልጅ ከባድ ነው፤ ለወላጅም ክብር አይደለም። ደብዳቤ እንጋራ ማለት ገመና ሁሉ ይገለጥ ማለት አይደለም። ለጤና ጉዳይ ሌላ የኢሜል አድራሻ ከፍቶ፣ ወላጁ ለመረጠው ለአንድ አዋቂ ሰው ብቻ ማሳየት ይቻላል።

ሲስማን ለሁሉ ከማደልም የተሻለ መንገድ አለ። በጂሜል ባለቤቱ ለሌላ ሰው ውክልና መስጠት ይችላል። የተወከለው በራሱ ሲስማ ገብቶ ደብዳቤውን ያነባል፣ ይመልሳል፣ ይሰርዛልም፤ የወላጁን ሲስማ ግን መለወጥ አይችልም። ወላጁ ባሰኘው ቀን ውክልናውን ያነሣል። በስልክ ደውሎ «ከባንክ ነኝ፣ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ» ለሚል ሰው ግን ምንም አይነገር፤ መጋራት ከቤተሰብ ጋር ነው።

ልጃችን በቅርቡ ለሰንበት ሲመጣ፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቡና ተፈልቶ አብረን ተቀመጥን። ሥራው ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። እሁድ ጠዋት እሱ ወደ ጦር ሰፈሩ ተመለሰ። በሳምንቱ አዲሱ ትሉሽ ሲመጣ እናትየው ራሷ ከፍታ «ትሉሽ» ወደሚለው ፎልደር አስገባችው። የጠፋው አልተመለሰም። ከእንግዲህ የሚመጣው ግን በስሟ ነው፣ በእጇም ነው። እናንተም ኮምፒውተሩ ሳይበላሽ፣ ልጁም ከቤት ሳይወጣ ጠይቁ።