ክብሪቱን እንተወው

ባለፈው የፈተና ሰሞን አንድ ጓደኛችን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና አድሮ ጧት በዶርሚቶሪው መካከል ወደቀ። እኛስ ምን አደረግን? ገሚሳችን ወደ በሩ ሸሸን፤ ገሚሳችን ክብሪት ጭረን ጢሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋን። አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ብለን ስለ ፈራን፣ እጁን የያዘለት አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሲነቃ ያፈረው እርሱ ነው፤ ማፈር የሚገባን ግን እኛ ነበርን።

የሚጥል በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚነሣውም የአንጎል የኤሌክትሪክ ሥራ በድንገት ሲታወክ ነው። ጭንቀትና ይህ በሽታ ግን እርስ በርስ ይመጋገባሉ። መቼና የት እንደሚጥለው የማያውቅ ሰው በክፍልም በመንገድም ሥጋት አይለየውም። ሥጋቱ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። በአንዳንዱም ላይ ድንገተኛ ፍርሃት ራሱ የሕመሙ መጀመሪያ ምልክት ነው። ከሕመምተኞቹ መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል የጭንቀት ሕመም እንዳለበት ጥናቶች ያመለክታሉ።

«ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል፤ በደንብ ቢታከሙ ከሕመምተኞቹ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ ሊኖሩ እንደሚችሉም የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ነገር ግን እንዳንስቅበት ፈርቶ ክኒኑን ተደብቆ የሚውጥ ተማሪ፣ የሚደበቅበት ስፍራ ያጣ ዕለት ሳይውጥ ይውላል። መድኃኒት ያቋረጠም መልሶ ይወድቃል። እንግዲህ ሐኪሙ የሠራውን እኛ እናፈርሳለን ማለት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከእኛ የሚፈለገው ብዙ አይደለም። ጓደኛችን ሲወድቅ ከራሱ ሥር ልብስ እናድርግለት፤ የሚጐዳውን ነገር ከአጠገቡ እናርቅ፤ በአፉ ምንም አንክተት፤ መንዘፍዘፉ ሲያበቃ በጎኑ እናስተኛው፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት እናድርሰው። ሲነቃም የሚያየው ከበሩ ላይ የሚያፈጥ ሕዝብ ሳይሆን ከአጠገቡ የተቀመጠ ወዳጅ ይሁን። ገበሬው ወላጃችን ክብሪት ቢጭር ያስተማረው ስለሌለ ነው፤ እኛ ግን ምን ምክንያት አለን?