ጥናቱ ምክር ቤት ይግባ

ዳባት ወረዳ ውስጥ ለጥናት በተመረጡ ቀበሌዎች ሰው ሲወለድ ይመዘገባል፤ ሲያገባ፣ ቀዬውን ለቆ ሲሄድና ሲሞትም እንዲሁ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የየቤተሰቡን ለውጥ ይጽፋሉ፤ ሐኪም ሳያየው የሞተ ሰው ካለም ያስታመሙትን ዘመዶቹን ጠይቀው ምን እንደገደለው ለማወቅ ይጥራሉ። ከዚህ መዝገብ በመነሣት ስለ እናቶች ወሊድ፣ ስለ ሕፃናት ሞትና መቀንጨር የተሠሩ ጥናቶች በውጭ አገር መጽሔቶች ታትመዋል። ከዳባት አልፈው ደባርቅ ሲደርሱ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ። ስለ ዋሊያው፣ ስለ ጭላዳው፣ ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ተዳፋቱ አፈር መሸርሸር ሳይንቲስቶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጽፈዋል። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ በዚሁ ፓርክ በኃላፊነት ሲሠራ የጀመረው ጥናት፣ ኋላ በወሎ፣ በጎጃምና በሸዋ ጣቢያ ተክሎ ለዓመታት ለቀጠለው የአገሪቱ የአፈር ጥበቃ ምርምር መንገድ ጠርጓል።

በዚህ መጠን የተጠና አካባቢ በኢትዮጵያ ብዙ የለም። ጋዜጣችንን የሚያሳስበው ከጥናቱ በኋላ ያለው ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ ወረቀት በወረዳ ምክር ቤት አጀንዳ ተይዞ፣ ኃላፊዎች ተጠርተው መልስ የሰጡበት የቱ ነው? ገበሬው ጠያቂ በመጣ ቁጥር ሥራውን አቁሞ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ፣ ስንቱ እንደሞተበት፣ ጎተራው ውስጥ ምን እንደቀረ ሳይደብቅ ይናገራል። የተናገረው ነገር ተተርጉሞ፣ ተሰልቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ይታተማል። እሱ ግን በቀበሌው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ስለምን እንደማያገኝ ለመጠየቅ አሁንም ማስረጃ የሌለው ሰው ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ለድሃው የወገነና ከመንግሥት ነጻ የሆነ የፖሊሲ ጥናት በሕዝብ ገንዘብ ሊደገፍ ይገባል፤ በጥናቱ ላይ ተመሥርቶ የሚሟገት ማኅበር ያለ ፍርሃት ሊሠራ ይገባል፤ ምክር ቤቶችም ጥናቱን የመስማትና በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ በሕግ ሊጣልባቸው ይገባል። ሦስቱ ካልተያያዙ ቁጥጥር የሚባለው ነገር ለይስሙላ ነው። አንድ የወረዳ ምክር ቤት አባል የግብርና ጽሕፈት ቤቱን ሪፖርት የሚመዝንበት ሌላ መረጃ ከሌለው፣ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ያቀረበለትን አፈጻጸም አይቶ እጁን ከማውጣት ውጭ ምን ምርጫ አለው?

የግጭን ነገር እናንሣ፤ በአካባቢያችን ከሱ የበለጠ አስተማሪ ጉዳይ የለምና። ግጭ በፓርኩ እምብርት፣ ከፍ ባለ ደጋ ገብስ እየዘራ፣ ከብትና በግ እያረባ የኖረ መንደር ነበር። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ሲከለል መንደሩ እዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የሰሜን ተራሮች ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሲሆኑም ሰዎቹ እዚያው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው፤ ከመዝገቡ ለመውጣትም በፓርኩ ውስጥ ያለው የሰውና የከብት ጫና መቀነስ ነበረበት። ከዓመታት ድርድር በኋላ በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች፣ 2,500 ያህል ሰዎች፣ ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ አወጣው። አገሪቱም ተደሰተች፤ መደሰቷም ተገቢ ነበር።

ሰዎቹስ? ከሣሩ፣ ከከብቱና ከእርሻው ተለይቶ በከተማ ዳር ቤት የሠራ ገበሬ፣ የካሳው ገንዘብ ሲያልቅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም። ዋናው ነገር ግን ግምት አይደለም። የተነሺዎቹን ኑሮ በየዓመቱ እየለካ፣ ውጤቱን ለሕዝብ እንደራሴዎች የሚያቀርብ አካል ከመጀመሪያው መሰየም ነበረበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡን በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ፣ በዕቅዱም በአፈጻጸሙም፣ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዝዛል። ካሳው ተመጣጣኝ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በካሳው ቀን አይመለስም። በአምስተኛው፣ በአሥረኛው ዓመት የልጆቹ ትምህርትና የቤተሰቡ ገቢ ሲታይ ነው የሚመለሰው።

እዚህ ላይ ችግሩን የሚያከብደው የሥልጣን መበታተን ነው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የፌዴራል የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው። ተነሺዎቹ የሰፈሩበት ቦታ የከተማ አስተዳደሩ ነው። የገጠር መሬት ጉዳይ የክልሉ ነው። ስለዚህ የግጭ ሰው አቤት ሲል ሁሉም ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ቢመራው ሁሉም በየሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል። የደባርቅ ምክር ቤት የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ከሰሜን ገደል እጅግ ሩቅ ነው። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ሦስቱንም እርከን አያይዞ የሚመረምር ነጻ ጥናትና ጥናቱን ይዞ በየበሩ የሚያንኳኳ ተሟጋች ብቻ ነው።

እውቀት ኖሮ የሚሰማው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አገራችን በደም ተምራዋለች። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ፣ የግብርና ሚኒስቴር የራሱ የሰብል ግምገማ ጉድለቱን አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። ወረቀቱ ከቢሮ አልወጣም፤ የሚያስወጣውም ምክር ቤት አልነበረም። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መስፍን ወልደ ማርያምን ጨምሮ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ባያሳዩ ኖሮ፣ አዲስ አበባ ለብዙ ወራት ምንም እንዳልተፈጠረ ልትቀጥል ትችል ነበር። እነዚያ መምህራን ያደረጉት ዛሬ የፖሊሲ ጥናትና ሙግት የምንለውን ነው፤ ስም ግን አልነበረውም፣ ጥበቃም አልነበረውም።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ በሰሜን ጎንደር ዞናችን ያየነው አለ። በ2015 ክረምት ዝናብ በቀረባቸው በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ሰው ከብቱ ሲያልቅበት ቀዬውን እየለቀቀ ወጣ። ረሃብ የሚለውን ቃል የመንግሥት ባለሥልጣናት ሲያስተባብሉ በከረሙበት ሰሞን፣ በጥር 2016 የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባለሙያዎቹን ልኮ ያረጋገጠውን ይፋ አደረገ፦ በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ ሞተዋል። ተቋሙ የመንግሥት ተቋም ነው፤ ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። ባለሙያ ልኮ፣ ቆጥሮ፣ የቆጠረውን መናገር ብቻ ነው ያደረገው። ያ ብቻውን ክርክሩን ከቃላት ወደ ሰው ሕይወት መለሰው። ለዚህ ድፍረቱ ምስጋና ይገባዋል። ግን ቆጠራው የመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በየወረዳው በየወሩ የእህል ዋጋንና የሕፃናትን ክብደት የሚከታተል፣ ለመናገር የማንንም ፈቃድ የማይጠብቅ አካል ቢኖር ማስጠንቀቂያው በመስከረም ይሰማ ነበር።

ሕጉን በተመለከተ አገራችን አንድ ትልቅ ስሕተት ሠርታ አርማለች። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና በዴሞክራሲያዊ መብቶች ጉዳይ እንዳይገባ ከለከለ። የአገር ውስጥ ለጋሽ በሌለበት አገር ይህ ማለት ሙግቱን መዝጋት ነበር፤ ብዙዎቹም ተዘጉ ወይም ሥራቸውን ወደ ጉድጓድ ቁፋሮና ወደ እርዳታ እህል አዞሩ። እነ ደሳለኝ ራህመቶ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደመሠረቱት የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ያሉ የጥናት ተቋማትም በዚያ ጠባብ ዘመን አለፉ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ክልከላውን አነሣ፤ ይህን በደስታ ተቀብለናል። ይሁን እንጂ በ2017 ኅዳርና ታኅሣሥ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉ) ጨምሮ በመብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሲታገዱ፣ አዲሱ ሕግም በአንድ ደብዳቤ ሊሸረሸር እንደሚችል አየን። እገዳው ኋላ ቢነሣም ትምህርቱ ለሁሉም ደርሷል። አዲስ አበባ ያለ አንጋፋ ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ በደባርቅ ስለ ሴፍቲኔት ዝርዝር ልጠይቅ ብሎ የሚደራጅ የወጣቶች ማኅበር ምን ይሰማው?

የሚቃወሙን ሰዎች ሙግት እንደሚኖራቸው እናውቃለን። ጥናትና ሙግት የፈረንጅ ገንዘብና የፈረንጅ ዓላማ ነው ይላሉ። በሰሜን ላይ ይህ ሙግት ጭራሽ መሠረት የለውም ማለት አንችልም። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን ስለ አፍሪካ ፓርኮች በጻፈው መጽሐፍ ግጭን ምሳሌ አድርጎ፣ ሰው የሌለበት ንጹሕ ተፈጥሮ የሚለው ሐሳብ ከውጭ መጥቶ ገበሬውን እንዴት እንደ ወንጀለኛ እንዳስቆጠረው አሳይቷል። እንግዲህ በሰሜን ላይ የውጭ ዓላማ የገባው ነጻ ተመራማሪ ስለ በዛ አይደለም፤ የአገሬው ሰው የራሱን ጥናት አቅርቦ የሚከራከርበት ቦታ ስላልነበረው ነው። የውጭ ገንዘብ የሚያሠጋው መንግሥት መድኃኒቱ በእጁ ነው፤ ከራሱ በጀት ይመድብ፣ የገንዘቡን አስተዳደር ግን ለአስፈጻሚው ሳይሆን ለምክር ቤቱ ይስጥ።

ጦርነት ባለበት አካባቢ ይህ ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት መንገዱን እንደዘጋ፣ ተመራማሪም ኦዲተርም እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ እንዳደረገ እኛም በዚሁ እየኖርን እናውቀዋለን። ነገር ግን ገንዘብ ያለ ተመልካች የሚወጣው፣ እርዳታ ለማን እንደ ደረሰ የማይታወቀው፣ በአስቸኳይ ጊዜ ስም ሁሉም ነገር የሚታለፈው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሰላም እስኪመጣ ቁጥጥር ይቆይ የሚለው ሐሳብ የሚጠቅመው ቁጥጥርን የሚፈራውን ብቻ ነው።

እንደ እኛ ድህነትን ከሚያውቁ አገሮች ልምድ መውሰድም ይቻላል። በሕንድ ራጃስታን የገጠር ሠራተኞችና ገበሬዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የመንደር መሥሪያ ቤቶችን የክፍያ ሰነድ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። የሞተ ሰው ደመወዝ ሲፈርም፣ ያልተሠራ ግድብ ሲከፈልበት ሕዝቡ በጆሮው ሰማ። ከዚያ ትግል የመጣው ንቅናቄ አገሪቱን በ2005 (እ.ኤ.አ.) የመረጃ መብት ሕግ አስወጣት። እኛም የመረጃ ነጻነት ሕግ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ ማኅበራዊ ተጠያቂነት በሚል ስም ሕዝቡ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ውጤት የሚሰጥበት ፕሮግራምም በብዙ ወረዳዎች ተሞክሯል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ካርዱም ስብሰባውም አብሮ ይቀራል፤ በሕግ የታሰረ ነገር አይደለምና።

ስለዚህ ጋዜጣችን የሚጠይቀው ግልጽ ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤት፣ በወረዳና በዞን ነዋሪዎች ላይ የተሠራ ማንኛውም ጥናት አጭር የአማርኛ ማጠቃለያው ለሚመለከተው ምክር ቤት እንዲቀርብ፣ ምክር ቤቱም አስፈጻሚውን ጠርቶ በተወሰነ ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንዲያሰጥ የሚያስገድድ ደንብ ያውጣ። የዳባቱ መዝገብ ለዚህ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፤ በየዓመቱ የወረዳው እናቶችና ሕፃናት በምን እንደሞቱ በምክር ቤቱ ፊት ቢነበብ የጤና በጀቱ ክርክር መልኩን ይቀይራል። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በሩ ላይ ያሉትን የግጭ ተነሺዎች ኑሮ በቋሚነት የሚከታተል የጥናት ክፍል ያቋቁም፤ ነጻነቱም በቻርተር ይጠበቅለት። የፌዴራል ዋና ኦዲተርና የክልሉ ዋና ኦዲተር በጋራ በዚያው መልሶ ማስፈር ላይ የክዋኔ ኦዲት ያድርጉ። ዋና ኦዲተሩ ዓመት በዓመት የሚያቀርበው ግኝት ሰሚ አጥቶ እንደሚከርም ከቀድሞው ዋና ኦዲተር ከገመቹ ዱቢሶ ዘመን ጀምሮ በተደጋጋሚ ሰምተናልና፣ ይህኛው ኦዲት ሲያልቅ ውጤቱ በደባርቅ፣ ተነሺዎቹ በተገኙበት ግልጽ ስብሰባ ይነበብ፤ የፓርኩ፣ የክልሉና የከተማው ኃላፊዎችም እዚያው ቆመው ይመልሱ።