ንጹህ የተቀዳ ውኃ ንጹህ ሆኖ ይጠጣ

በወረዳዎች የውኃ ሪፖርት ጎልቶ የሚታየው የተተከለው የእጅ ፓምፕና የጎለበተው ምንጭ ብዛት ነው። ግንባታው መቀጠሉ ተገቢ ነው። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠሩ የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ማድረስ ነበር። ሆኖም ቆጠራው የሚያበቃው ውኃው ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ነው። ብዙ ጊዜ ውኃው የሚበከለው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን በቆሮቆንዳ ወይም በቅጠል ይወተፋል። ውስጡ አረንጓዴ ዝልግልግ ይዞ ይከርማል። ቤት ሲደርስ ወደ እንስራ ይገለበጣል፤ ልጁም አዋቂውም ባልታጠበ እጅ በኩባያ ይጠልቃል። ከምንጩ ንጹህ ሆኖ የተቀዳ ውኃ በዚህ መንገድ ተቅማጥ ያስከትላል።

ከዚህ የከፋው የፀረ ተባይና የፀረ አረም ዕቃ ነው። ባዶው ጀሪካን ጠንካራ ስለሆነ ታጥቦ ውኃ መቅጃ የሚያደርጉት አሉ። መርዙ ግን በሳሙናም በአመድም ፈጽሞ አይለቅም። ማፍላትና የውኃ ማከሚያ መጨመር ተሕዋስያንን እንጂ መርዝን አያስወግድም። ዕቃው ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው ወደ መርጫው መገልበጥ፣ ዕቃውም ተበስቶ ከቤት መራቅ አለበት።

የቤት ውኃ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን የመድኃኒቱን ዕቃ ወደ ቤት የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚረጨው አባወራ ነው። የርጭቱን መጠን የሚያስተምረው የግብርና ባለሙያም ባዶው ዕቃ የት እንደሚደርስ ሊጠይቅ ይገባል። ቀበሌውም መሰብሰቢያ ቦታ ያዘጋጅ።

ውኃ መቆጠብም እንዲሁ የአባወራው ሥራ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300 ሊትር፣ ማለትም 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ለከብትና ለልብስ አጠባ የሚሆነው ብዙ ነው። አሸንዳ መስቀል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ከእናቶችና ከልጃገረዶች ጀርባ ብዙ ሸክም ያወርዳል። ጎመንና ድንች የታጠበበት ውኃም ደጅ ከሚደፋ ለጓሮው ቃሪያና ጌሾ ቢውል ይጠቅማል።

አብዛኛው ነገር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ጀሪካንን በጠጠርና በውኃ እየናጡ ማጠብ፣ ክዳን መግጠም፣ የመጠጥ ውኃን ለብቻ አስቀምጦ እያዘነበሉ መቅዳት ከእያንዳንዱ ቤት የሚጠበቅ ነው። ወረዳውም በቀጣዩ ሪፖርቱ ከተገነቡት የውኃ ተቋማት ጎን ክዳን ያለው የውኃ ዕቃ የሚጠቀሙትን ቤቶች ይቁጠር። የተለፋበት ግንባታ ጥቅሙ የሚታወቀው በሚጠጣው ውኃ ንጽሕና ነው።